ዕቃን ቀርቦ ማየት

በየቀኑ የምንይዘውን ዕቃ በእርግጥ አይተነዋልን? ሲኒውን እናጥባለን፤ ሰፌዱን ግድግዳ ላይ እንሰቅላለን፤ ዓይናችን ግን ስሙን ካወቀ በኋላ ያልፈዋል። ከመቶ ዓመት በፊት አንዳንድ ፎቶግራፍ አንሺዎች ይህን የለመደ ዓይን ለማንቃት አንድ ዘዴ ሞከሩ። ወደ ዕቃው እጅግ ቀርበው ከፊሉን ብቻ ያነሱ ጀመር። ያን ጊዜ ዕቃው ስሙን ያጣና መስመር፣ ጥላና ብርሃን ሆኖ ይታያል። ዛሬ ይህ ሙከራ ስልክ በያዘ ልጅ ሁሉ እጅ ገብቷል። ታዲያ እንዲህ ያለው ፎቶግራፍ ጥበብ የሚሆነው መቼ ነው? እንቆቅልሽ ብቻ ሆኖ የሚቀረውስ?

አሜሪካዊው ፖል ስትራንድ በ1916 እ.ኤ.አ. በኮኔቲከት ግዛት የወጥ ቤት ጎድጓዳ ሳህኖችን አቀራርቦ አነሳ። በምስሉ ላይ የሳህኖቹ ከንፈር ቅስት በቅስት ላይ ሆኖ ይታያል፤ ጥላውም እንደ ሳህኑ ሁሉ ክብደት አለው። ስትራንድ ይህን ያደረገው የፒካሶንና የብራክን ሥዕሎች ካየ በኋላ፣ ምስል እንዴት እንደሚዋቀር ለመማር ነበር። ለእርሱ ልምምድ ነበርና እዚያው አልቀረም፤ የተማረውን ይዞ የሰዎችን ፊትና የመንደሮችን ኑሮ ወደ ማንሳት ሄደ።

ኤድዋርድ ዌስተን ደግሞ በ1930 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ አንድ የፈረንጅ ቃሪያ አነሳ። ከብዙ ሙከራዎቹ አንዱ ነውና «ቃሪያ ቁጥር 30» ተብሎ ይታወቃል። ቃሪያውን ዘይት ወደ ጠርሙስ በሚገለበጥበት አፈ ሰፊ የቆርቆሮ ዕቃ ውስጥ አስቀመጠው፤ ክብ የሆነው የዕቃው ግድግዳም ብርሃኑን ከየጎኑ መለሰለት። ከቅርብ ሲነሳ ከዕቃው ጥቂቱ ብቻ ጥርት ብሎ ስለሚወጣ፣ የሌንሱን ቀዳዳ እጅግ አጥብቦ ረጅም ጊዜ መጠበቅ ነበረበት። ብዙ ተመልካቾች በምስሉ ውስጥ ያጎነበሰ የሰው ጀርባ አይተዋል። በእኔ አስተያየት ግን የሥራው ብልጫ ቃሪያውን ሌላ ነገር ማስመሰሉ አይደለም። የቆዳው እጥፋትና ልስላሴ ሳይጎድል፣ ቃሪያው ቃሪያ እንደሆነ ግርማ ማግኘቱ ነው።

በዘመናችን ከሚነሱት ውስጥ ብዙዎቹ ይህ ይጎድላቸዋል። «ይህ ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቃሉ፤ መልሱ ከታወቀ በኋላ ግን ዳግም እንድናያቸው የሚጋብዝ ነገር የለም።

በቤታችንም ሞክረነዋል። ልጄ በስልኳ ሁለት ፎቶ አነሳች። የመጀመሪያው የማንኪያ ጀርባ ነበር፤ ስናውቀው ሳቅን፤ ወዲያውም ተረሳ። ሁለተኛው ጠዋት ከመስኮት በገባ ብርሃን ከጎን የተነሳ የሰፌድ ቁራጭ ነበር። አያቷ መነጽራቸውን አድርገው ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያም «ይቺማ የኔ ስፌት ናት» አሉ። ጣታቸውን አንድ ቦታ ላይ አሳርፈው፣ «እዚህ ላይ ቀዩ አክርማ አልቆብኝ፣ ልጄ፣ በሌላ ቀለም ቀጥዬው ነበር» ሲሉ ነገሯት። ሰፌዱ ከሃያ ዓመት በላይ ግድግዳችን ላይ ኖሯል። ያን መጋጠሚያ ግን ከእኛ አንድም ሰው አላየውም ነበር። ዛሬ ያ እጅ ወስፌ አይጨብጥም።

ልጄ ስልኳን አስቀምጣ ሰፌዱን ከግድግዳው አወረደችና ከአያቷ ጎን ተቀመጠች።

እንግዲህ የእኔ መለኪያ ይህ ነው። መልካም የቅርብ ፎቶግራፍ ከዕቃው አያርቀንም፤ ወደ ዕቃውና ወደ ሠራው እጅ ይመልሰናል። ወላጆች ሆይ! ልጆቻችሁ ስልክ ይዘው ወደ አንድ ዕቃ ሲጠጉ ብታዩ አትከልክሏቸው። ካነሱ በኋላ ግን «ይህን ማን ሠራው? እንዴትስ ሠራው?» ብላችሁ ጠይቋቸው። መልሱን የሚያውቁት ዛሬ አጠገባችን አሉና።