ከሥራ በፊት መሬትን ስለ መመርመር፤ የላቭ ካናል ነገር

የላቭ ካናል ታሪክ ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ፍርድ አንድ ነው፤ ይኸውም «መሬቱ ሳይመረመር ተሠራበት» የሚል ነው። እኛ ግን ነገሩን ስንመለከተው ይህ ፍርድ ትክክል ሆኖ አላገኘነውም። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

በኒው ዮርክ ግዛት በናያግራ ፎልስ ከተማ ሁከር የተባለው የኬሚካል ኩባንያ ከ1942 እስከ 1953 ድረስ፣ ሥራው ሳይፈጸም በቀረ አሮጌ ቦይ ውስጥ ወደ 20,000 ቶን የሚጠጋ የፋብሪካ ዝቃጭ ቀበረ፤ በላዩም ሸክላ ዐፈር አለበሰው። በ1953 የከተማው የትምህርት ቦርድ ቦታውን በ1 ዶላር ተረከበ። ውሉ ኬሚካል መቀበሩን በግልጽ ይናገራል፤ ወዲያውም ወደፊት ስለሚደርሰው ጉዳት ኩባንያው እንዳይጠየቅ ያደርጋል። ከዚያም በፊት የቦርዱ ሰዎች ባሉበት መሬቱ ተበስቶ ታይቷል። ትምህርት ቤቱ ሲሠራ ደግሞ አርክቴክቱ በርሜሎች መገኘታቸውን በጽሑፍ አስታወቀ። ቦርዱ ያደረገው ነገር ቢኖር ሕንጻውን ጥቂት ፈቀቅ ማድረግ ነበር። እንግዲህ የጐደለው ምርመራ ሳይሆን ውጤቱን አይቶ «አይሠራም» ለማለት ሥልጣን ያለው ሰው ነው።

ኩባንያው አስቀድሞ አስጠንቅቋልና ነጻ ነው የሚሉ ጸሐፊዎች አሉ። ክርክራቸው ለጠበቃ ይጠቅም ይሆናል፤ ለመሐንዲስ ግን አይረባም። ውሉ የሚናገረው መርዙ የት እንዳለ እንጂ ውሃ ወዴት እንደሚወስደው አይደለምና። የፍሳሽ ቧንቧ ሲዘረጋ የሸክላው ግድግዳ ተበሳ፤ ከቧንቧው ሥር የተደለደለው ጠጠርም ለፈሳሹ መንገድ ሆነለት። በኋላም የላሳል አውራ ጐዳና ሲሠራ የከርሰ ምድሩ ውሃ ወደ ናያግራ ወንዝ እንዳይወርድ አገደው። ዝናብና የቀለጠ በረዶ የተጠራቀመበት ቦይ እንደ ሞላ ገንዳ ገነፈለ፤ ፈሳሹም ወደ ሰዎች ምድር ቤት ገባ። በ1978 ፕሬዚዳንት ካርተር የአደጋ ጊዜ ዐወጁ፤ በ1980ም የተበከሉ ቦታዎችን ስለ ማጽዳት ሕግ ወጣ።

ስለዚህ በአንድ የበጋ ቀን ዐሥር ጉድጓድ በስቶ ዐፈሩን ወደ ላቦራቶሪ የሚልክ ሰው ግማሹን ሥራ ብቻ ሠርቷል እንላለን። ውሃው ወዴት እንደሚሄድ ይታወቅ ዘንድ የመመልከቻ ጉድጓዶች ተቈፍረው ከፍታው በበጋም በክረምትም መለካት አለበት። ይህ ወጪ ያበዛል የሚለውን ተቃውሞ አንቀበለውም፤ አብዛኛውን የሰፈሩን ነዋሪ ማንሣት ከዚህ ይበልጥ ወጪ ጠይቋል።

የአገራችን ወንጂ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ያስነሣል፤ እዚያ መርዝ የቀበረ ማንም የለም። የስኳር ፋብሪካው ሥራ የጀመረው በ1954 ነው። ለእርሻው መንደሮች ከተቈፈሩት ጉድጓዶች አንዳንዶቹ በሊትር ከ10 ሚሊግራም የበለጠ ፍሎራይድ ተገኝቶባቸዋል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን 1.5 ነው። ምንጩ የስምጥ ሸለቆው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ፍሎራይድ ውሃን አያደፈርስም፤ አይሸትምም። ነገር ግን በልጅነቱ የጠጣው ሰው ጥርሱ በለዘ፤ ብዙ ዓመት የጠጣውም ሠራተኛ አጥንቱ ደረቀ፣ ጀርባውም አልታጠፍ አለ። ፍሎራይድ የሚቀንሱ ማጣሪያዎች የተተከሉት ዘግይቶ ነው። እንግዲህ «በዚህ ቦታ ፋብሪካ ኖሮ አያውቅም» የሚል ማስረጃ የውሃውን ምርመራ ለማስቀረት በቂ ምክንያት ሊሆን አይችልም።