ኃይል፣ ጉልበት፣ ሥራ፤ ስለ ፊዚክስ ስያሜዎችና ስለ ቅድመ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ

ስለ ሳይንስ ስያሜዎች የሚደረገው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩረው ቃሉ ከግዕዝ ይውጣ ወይስ ከባዕድ ቋንቋ ይወሰድ በሚለው ላይ ነው። በእኛ አስተያየት ከዚህ የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ስያሜው ማንን ያገለግላል የሚለው ነው። በዚህ ጽሑፍ ጥያቄውን የምንመረምረው ፊዚክስን በ11ኛና በ12ኛ ክፍል ከሚማረው ወጣት አንጻር ነው።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በብሔረሰቦች ቋንቋዎች፣ የሁለተኛ ደረጃው ደግሞ በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ወሰነ። ስለዚህ በአማርኛ የጀመረ ተማሪ የተፈጥሮን ሕግጋት መጀመሪያ የሚሰማው በአንድ ቋንቋ፣ ለዩኒቨርሲቲ የሚፈተነው ግን በሌላ ቋንቋ ነው። ሽግግሩ የቃላት ልውውጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ በአጭር የቃላት ዝርዝር በተቃለለ ነበር።

ችግሩን ለመረዳት «ኃይል» የሚለውን ቃል እንውሰድ። አየር ኃይል ስንል እንግሊዝኛው ፎርስ በሚልበት፣ ኤሌክትሪክ ኃይል ስንል ፓወር በሚልበት፣ የኑክሌር ኃይል ስንል ደግሞ ኢነርጂ በሚልበት ቦታ ይገባል። በዕለት ንግግር ይህ ጉዳት የለውም። በፊዚክስ ግን ሦስቱ የተለያዩ መጠኖች ናቸው፤ የመጀመሪያው በኒውተን፣ ሁለተኛው በዋት፣ ሦስተኛው በጁል ይለካል። የመብራት ፍጆታ የሚቆጠረው በኪሎዋት ሰዓት ነው፤ አንዱ ኪሎዋት ሰዓት 3,600,000 ጁል በመሆኑ፣ የሚለካው ኢነርጂ እንጂ ፓወር አይደለም። ሦስቱንም «ኃይል» ማለት የለመደ ተማሪ ኪሎዋትን ከኪሎዋት ሰዓት ጋር ቢያደባልቅ ጥፋቱ የእሱ ብቻ ሊሆን አይችልም።

«ሥራ» ደግሞ ቀላል ስለሚመስል የባሰ ያሳስታል። አንድ ኩንታል እህል በትከሻው ተሸክሞ በደልዳላ ሜዳ፣ በማይለዋወጥ ፍጥነት የሚጓዝ ሰው በፊዚክስ ትርጓሜ በሸክሙ ላይ የሠራው ሥራ ዜሮ ነው፤ የደገፈው ወደ ላይ፣ የተጓዘው ወደ ፊት ነውና። በአማርኛ ግን ይህ ሰው ላቡን ጠብ አድርጎ ሠርቷል። ተቃርኖው በግልጽ ያልተነገረው ተማሪ ቀመሩን በቃሉ ይይዛል እንጂ ሐሳቡን አይጨብጥም።

ለተማሪው የሚሰጠው ድጋፍ ይህን ክፍተት ይሞላልን? ከ1990ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ በሳተላይት ቴሌቪዥን ይሰራጭ የነበረው ትምህርት የተሰጠው በእንግሊዝኛ ነበር። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 ከመቶ ያህል ብቻ ሲሆኑ፣ ካላለፉት የተሻለ ውጤት ለነበራቸው በዩኒቨርሲቲዎች የአቅም ማሻሻያ ትምህርት ተዘጋጀ። የውጤቱ መንሥኤ ብዙ ስለሆነ ሁሉንም በቋንቋ ላይ አንጥልም። ሆኖም ያልገባን ትምህርት ባልገባበት ቃል መድገም ፍሬው ጥቂት ነው።

የስያሜ ሥራም ከትችት አያመልጥም። ለአንድ የእንግሊዝኛ ቃል አንድ የአማርኛ ቃል አቻ አድርጎ ማስቀመጥ የሥራው ጅማሬ እንጂ ፍጻሜው አይደለም። ፎርስን፣ ፓወርንና ኢነርጂን እንዳሉ እንውሰድ የሚሉት ወገኖች ሦስቱን መለየታቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን በሦስቱ ቃላት ውስጥ ተማሪው ቀድሞ የሚያውቀው ነገር የለም። አዲስ የግዕዝ ስያሜ የሚያወጡትም ያለ ትርጓሜ ካቀረቡት ተማሪው አንድ ቃል ሳይሆን ሁለት እንግዳ ቃላት ይሸከማል።

ስለዚህ የምናቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። ጉልበት ለፎርስ፣ አቅም ለኢነርጂ፣ ኃይል ለፓወር ብቻ ቢወሰኑ ሦስቱም ከሕዝብ አፍ የተወሰዱ ስለሆኑ ሥር ይሰዳሉ። ድልድሉ ሊያከራክር ይችላል፤ ከተወሰነ በኋላ ግን ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ሊለዋወጥ አይገባም። ከእያንዳንዱ ስያሜ ጋር አጭር ትርጓሜ፣ መለኪያውና ቃሉ በዕለት ንግግር ከሚሰጠው ፍች የሚለይበት ነጥብ ይጻፍ፤ የእንግሊዝኛው አቻም ጎን ለጎን ይቀመጥ። እንዲህ ያለው መዝገብ መምህሩን አይተካም፤ መምህሩ «ሥራ» ሲል ተማሪው የትኛውን ሥራ እንደሚሰማ ግን ይወስናል።