የእንደራሴው ዘመንና የሕገ መንግሥቱ ዝምታ

በኅዳር 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ስለ ሥልጣን ዘመን ሲናገር አንደበቱ አንድ ዐይነት አይደለም። ርእሰ ብሔሩን በአንቀጽ 70 በየስድስት ዓመቱ ከሁለት ጊዜ በላይ እንዳይመረጥ ይከለክለዋል፤ የርእሰ ብሔሩ ሥራ ግን በአብዛኛው የክብር ሥራ ነው። እውነተኛውን ሥልጣን የያዘውን ጠቅላይ ሚኒስትር በአንቀጽ 72 ከምክር ቤቱ ዘመን ጋር አስሮት ብቻ ያልፋል። የሕዝብ እንደራሴውንም በየአምስት ዓመቱ ይመረጥ ይላል እንጂ ስንት ጊዜ ሊመረጥ እንደሚችል አንድ ቃል አይተነፍስም። ሌባ በማይገባበት ወገን ያለው በር ብቻ ተቈለፈ ብንል ያጋነንን አይመስለንም።

ይህን ዝምታ የመስበር መብት ከአዲስ አበባው ምክር ቤት ውጭም አለ፤ ይህም ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። በአንቀጽ 104 መሠረት ከክልል ምክር ቤቶች አንድ ሦስተኛው፥ እያንዳንዳቸው በድምፅ ብልጫ ከደገፉት፥ የማሻሻያ ሐሳብ ለሕዝብ ውይይት ሊያቀርቡ ይችላሉ። ዛሬ ክልሎቹ 12 ስለ ሆኑ አራት ይበቃሉ። ከአራቱ አንዱ ሊሆን የሚገባው በእኛ አስተያየት ጨፌ ኦሮሚያ ነው። ስሙን የወሰደው ከገዳ ሸንጎ ነውና።

በገዳ ሥርዓት አባ ገዳው ስምንት ዓመት መርቶ ለተከታዩ ያስረክባል። በቦረና ጉዮ ጎባ በ2009 ዓ.ም. ለኩራ ጃርሶ ያስረከቡት በዚሁ ደንብ ነው። ስለዚህ ነገር የሚጽፉ ሰዎች ግን ብዙውን ጊዜ «ስምንት ዓመት» የሚለውን ቍጥር አመስግነው እዚያው ላይ ያቆማሉ። ቍጥሩ ብቻውን ምንም አይደለም። የሥርዓቱ ብርታት ሰውየው ሲወርድ ጓዶቹም አብረውት መውረዳቸው ነው፤ ወገኖቹ አምስት ስለ ሆኑ ሥልጣን ወደ አንዱ የሚመለሰው ከ40 ዓመት በኋላ ነው። የወረደውም ዩባ ተብሎ አማካሪ ይሆናል እንጂ አይጣልም። እርግጥ ነው፥ ሴቶች አባ ገዳ አይሆኑም፤ ተራውም በትውልድ የተወሰነ ነው፤ እንዳለ ገልብጦ ወደ ሕገ መንግሥት ማስገባት አይቻልም። ነገር ግን ገደቡ በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ ብቻ ሳይሆን በወገኑም ላይ ማረፉን ልብ ልንል ይገባናል።

አሜሪካኖች ነገሩን የሞከሩት ከየግዛታቸው ጀምረው ነው። 23 ግዛቶች ወደ ኮንግሬስ የሚልኳቸው ሰዎች ዘመን እንዲገደብ ደነገጉ፤ አርካንሳስ ለታችኛው ምክር ቤት ሦስት፥ ለሴኔት ሁለት ዘመን ወሰነች። ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው ግን በ1995 እ.ኤ.አ. ግዛቶች በሕገ መንግሥቱ ውስጥ የሌለ መመዘኛ ሊጨምሩ አይችሉም ብሎ በ5 ለ4 ድምፅ ሻረው። ከዚያ ወዲህ ለደጋፊዎቹ የቀረው መንገድ ሕገ መንግሥቱን ማሻሻል ነው፤ በግዛቶች በኩል ከሄዱ ከ50ው 34ቱ ጉባኤ እንዲጠራ መጠየቅ፥ 38ቱም ማጽደቅ አለባቸው።

እዚህ ላይ ግን የገደቡን ደጋፊዎች እንቃወማቸዋለን። ሜክሲኮ ከ1933 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንደራሴ በተከታታይ እንዳይመረጥ ከልክላ ነበር፤ ሆኖም አንድ ፓርቲ አገሪቱን እስከ 2000 እ.ኤ.አ. ገዛት። ሕዝቡ መልሶ ሊመርጠው የማይችል እንደራሴ የነገ እንጀራውን የሚጠብቀው ከፓርቲው ስለ ሆነ፥ ፊቱን ወደ መራጩ የሚያዞርበት ምክንያት አልነበረውም። በእኛም አገር በ2002 ዓ.ም. ምርጫ ከ547 ወንበሮች 545ቱን ገዥው ግንባርና አጋሮቹ ወሰዱ፤ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ ሁሉንም። እንዲህ ባለ ምክር ቤት ውስጥ አንድ እንደራሴ ሁለት ዘመን ቢቀመጥ ወይም አራት፥ ለዓለም ጤና መራጭ ምን ይለውጥለታል? ከሞጆ ወደ ሐዋሳ በሚወስደው መንገድ ዳር ሽንኩርቱን የሚሸጥ ገበሬ እምነት ያጣበትን ተመራጭ ከቦታው የማንሣት መብት በአንቀጽ 12 ተሰጥቶታል። ይህ መብት ከዘመን ገደብ ይልቅ ለእርሱ ይቀርበዋል። ነገር ግን ተተኪውን እጩ የሚያቀርበው ያው የፓርቲው ጽሕፈት ቤት ከሆነ፥ አንዱን አውርዶ ወንድሙን ማውጣት ይሆንበታል።

ስለዚህ ገደቡ ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ይጀምር እንላለን። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አህመድ በሚያዝያ 2010 ዓ.ም. በሐዋሳ ዘመኑ በሁለት ጊዜ እንዲወሰን እንደሚፈልጉ ተናግረው ነበር፤ አንቀጽ 72 ግን እንደ ነበረ ነው። የእንደራሴው ገደብ ይህን ተከትሎ ቢመጣ፥ የእጩ አመራረጥም አብሮ ቢታረም፥ እኛም እንደግፈዋለን።

የሚያሳስበን ሌላ ነው። በሰኔ 2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት ምርጫ ሳይደረግ ሲቀር፥ የፌዴሬሽን ምክር ቤት በትርጓሜ የተወካዮቹንም የክልል ምክር ቤቶቹንም ዘመን አራዘመ። የወረርሽኙን ከባድነት አንክድም፤ ነገር ግን በግልጽ የተጻፈው አምስት ዓመት እንኳ በትርጓሜ ሊሳብ እንደሚችል ያን ጊዜ ታየ። አሁንም ማሻሻያው እንዲጸድቅ በአንቀጽ 105 ስምንት የክልል ምክር ቤቶችና የሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል። በዚያ ስብሰባ እጃቸውን የሚያወጡት ዘመናቸው ይገደብ የተባሉት እንደራሴዎች ራሳቸው ናቸው።