የሕንድ ዜማና የጭንቀት ፈውስ

ዜማ የተጨነቀን ልብ እንደሚያሳርፍ የሰው ልጅ ካወቀ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ሕንዶች ግን ይህን እምነት በአነጋገር ብቻ አልተዉትም፤ «ራጋ ቺኪትሳ»፣ ማለትም የራጋ ሕክምና ብለው ስም ሰጥተውታል። ዛሬም ይህ ራጋ ለእንቅልፍ ማጣት፣ ያኛው ለሥጋት እያሉ እንደ ሐኪም ትእዛዝ የሚያከፋፍሉ ዝርዝሮች ይታያሉ። እንዲህ ያለው አከፋፈል ዜማውንም ሆነ የተጨነቀውን ሰው ይጠቅማልን? በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህንኑ ነው።

አስቀድሞ የራጋን ጠባይ መረዳት ያሻል። ራጋ ከኛ ቅኝት ጋር ቢቀራረብም ስፋቱ ይበልጣል። የድምፆችን ምርጫ ብቻ ሳይሆን የሚወጡበትንና የሚወርዱበትን መንገድ፣ የሚያርፉበትን ስፍራ፣ በሰሜን ሕንድ ልማድም የሚዜምበትን ሰዓት ጭምር ይወስናል። በንጉሥ አክባር ቤተ መንግሥት ከነበረው ከታንሴን ስም ጋር የሚነሣው ዳርባሪ ካናዳ፣ ለምሳሌ፣ የሌሊት ራጋ ነው።

ዜማው ሲጀመር ከበሮ የለም። ታንፑራ የተባለው ባለ አውታር መሣሪያ መሠረታዊውን ድምፅ ሳያቋርጥ ያሰማል፤ በዚያም ላይ ዜመኛው አላፕ የሚባለውን ክፍል ድምፅ በድምፅ፣ ያለ ችኮላ ይዘረጋዋል። ቆይቶ ከበሮው ሲገባ፣ ቲንታል በተባለው የ16 ምት ዙር ቢሆን፣ ዜማው የቱንም ያህል ርቆ ቢሄድ ወደ መጀመሪያው ምት መመለሱ አይቀርም። የተጨነቀ ሰው አሳቡ ገና ወዳልደረሰ ነገር ይሮጣል፤ አላፕ ግን አሁን በሚሰማው በአንዱ ድምፅ ላይ ያቆየዋል። በእኛ አስተያየት የዚህ ዜማ አሳራፊነት የሚመነጨው ከዚህ አሠራሩ እንጂ ከራጋው ስም አይደለም።

የጥንቱ ትምህርትም ቢሆን ዜማን ለማረጋጊያ ብቻ አልፈጠረውም። ባራታ ደረሰው የሚባለው ናቲያሻስትራ፣ ራሳ የሚላቸውን የኪነ ጥበብ ስሜቶች 8 አድርጎ ሲቈጥር ፍቅርን፣ ሣቅን፣ ኀዘንን፣ ቍጣን፣ ጀግንነትን፣ ፍርሃትን፣ መጸየፍንና መደነቅን ጠቀሰ። ዘጠነኛው፣ እርጋታ፣ ኋላ የተጨመረ ነው፤ በ1000 ዓመተ ምሕረት ገደማ፣ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር፣ የካሽሚሩ ሊቅ አቢናቫጉፕታ አጥብቆ ተከራከረለት። እንግዲህ ፍርሃት ከዚህ ጥበብ ውጭ የሚባረር ጠላት ሳይሆን፣ በውስጡ ቦታና ልክ የተሰጠው ስሜት ነው። ማስተኛውን ብቻ መርጦ የሚሰማ ሰው ከጥበቡ እኩሌታውን ይጥላል።

በደቡብ ሕንድ በ1835 ስላረፈው ስለ ሙቱስዋሚ ዲክሺታር የሚነገር ትውፊት አለ። ደቀ መዝሙሩ የሆድ ሕመም ቢጸናበት መምህሩ መዝሙር ደርሶ ሰጠው፤ ልጁም እየደጋገመ ቢዘምረው ዳነ ይባላል። ትውፊቱ ለሐኪም ማስረጃ አይሆንም፤ ነገር ግን አንድ ቁም ነገር ይዟል። በሽተኛው የተሰጠውን ዜማ ተቀምጦ አልሰማም፤ ተምሮ በገዛ ድምፁ ደከመበት።

የዘመናችን ምርምርስ ምን ይላል? ኮክሬን የተባለው ድርጅት በ2013 ያወጣው የ26 ሙከራዎች ግምገማ ሙዚቃ ማዳመጥ ከቀዶ ሕክምና በፊት የሚሰማን ጭንቀት ሊቀንስ እንደሚችል ያመለክታል። ይህ መልካም ዜና ነው፤ ዳሩ ግን ነገሩ ስለ ሙዚቃ በጠቅላላው እንጂ ስለ አንድ ራጋ አይደለም። ለዚህ ሕመም ይህ ራጋ የሚለውን ዝርዝር አይደግፍም።

ስለዚህ ጭንቀት የጸናበት ሰው ዝርዝሩን አምኖ ሐኪሙን ቢተው ጕዳቱ በራሱ ላይ ነው፤ ዜማውም ወደ እንቅልፍ ኪኒን ቢዝቅ ጕዳቱ በጥበቡ ላይ ነው። ሕክምናውን ሳያቋርጥ ራጋን ከመነሻው እስከ መድረሻው በትዕግሥት የሚሰማ ግን፣ ባይድን እንኳ፣ መጠበቅን ይማራል። ለተጨነቀ ሰው ይህ ትንሽ ስጦታ አይደለም።