ከአምስት ሚሊዮን አንድ

ኅዳር ሲገባ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ፣ ከባሕር ዳር መብራት ራቅ ብሎ ጣና ዳር የቆመ ሰው ቀና ቢል የፔጋሰስን ከዋክብት ከአናቱ በላይ ያገኛቸዋል። አራቱ ሰፊ አራት ማዕዘን ሠርተዋል። ከምዕራባዊው ጎን ጥቂት ወጣ ብላ፣ መሐል ግድም፣ ዐይን እንደ ምንም የሚለያት ደብዛዛ ኮከብ አለች። 51 ፔጋሲ ትባላለች፤ ርቀቷ 50 የብርሃን ዓመት ያህል ነው። በ1995 እ.ኤ.አ. በዙሪያዋ ስለተገኘው ፕላኔት ብዙ ተጽፏል። እኔ ዛሬ ማወደስ የምፈልገው የተገኘበትን ሙያ ነው።

ፕላኔቱ ክብደቱ ቢያንስ የጁፒተርን ግማሽ ይጠጋል። ጁፒተር ፀሐይን ለመዞር 12 ዓመት ሲፈጅበት ይህኛው ኮከቡን በ4.2 ቀን ይዞራል። ከኮከቧ ያለው ርቀት 8 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ለፀሐይ ከሁሉ የምትቀርበው ሜርኩሪ እንኳ ከዚህ 7 እጥፍ ትርቃለች። ግዙፍ ፕላኔት እንዲህ ተጠግቶ ይኖራል ብሎ የጠበቀ ሰው ጥቂት ነበር።

ያገኙት ሰዎች ፕላኔቱን አላዩትም። ያዩት የኮከቧን መወዛወዝ ነው። ፕላኔቱ ሲዞር እሷንም ወዲያ ወዲህ ይስባታል፤ ወደ እኛ ስትመጣ ብርሃኗ ወደ ሰማያዊ፣ ስትሸሽ ወደ ቀይ በጥቂቱ ፈቀቅ ይላል። የምትወዛወዘው በሴኮንድ 60 ሜትር ያህል ነው፤ ብርሃን ደግሞ በሴኮንድ 300 ሺህ ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ስለዚህ የብርሃኑ ሞገድ የሚለወጠው ከአምስት ሚሊዮን አንድ እጅ ብቻ ነው።

ይህን የለካው መሣሪያ ኤሎዲ ይባላል። በደቡብ ፈረንሳይ፣ በኦት ፕሮቫንስ የምርምር ጣቢያ፣ መስታወቱ 1.93 ሜትር ለሆነ ቴሌስኮፕ የተሠራ ስፔክትሮግራፍ፣ ማለትም ብርሃንን ወደ ቀለማቱ በትኖ መስመሮቹን የሚያሳይ መሣሪያ ነው። በዚያው ዘመን ሃዋይ ላይ የ10 ሜትር መስታወት ይሠራ ነበር፤ ድሉ ግን ለትንሹ ሆነ። እንዴት? ሥራውን ቀረብ ብለን እንየው።

ቴሌስኮፕ ኮከብ ሲከተል ሌሊቱን ሙሉ ያዘነብላል፤ የተሸከመው ዕቃም በገዛ ክብደቱ ይለጠጣል፣ ይጎብጣል። ስለዚህ ኤሎዲ ቴሌስኮፑ ላይ አልተሰቀለም። ሙቀቱ በማይዋዥቅ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የኮከቡን ብርሃን በቀጭን የመስታወት ክር ይቀበላል። ኮከቡ በክሩ አፍ ላይ ትንሽ ቢንቀጠቀጥ እንኳ ብርሃኑ በመንገድ ላይ ተዋሕዶ እኩል ሆኖ ይወጣል። ከዚያ ክር ጎን ሌላ ክር አለ፤ እሱ የሚያመጣው የቶሪየም መብራት ብርሃን ነው። የቶሪየም መስመሮች ትክክለኛ ቦታ በቤተ ሙከራ ተለክቶ የታወቀ ነው። ሁለቱ ብርሃናት በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ይሰፍራሉ። መሣሪያው ሌሊት ላይ ፈቀቅ ቢል የቶሪየሙ መስመሮች አብረውት ፈቀቅ ይላሉ፤ ስሕተቱ ይታወቃል፣ ይቀነሳል። ለእኔ የኤሎዲ ውበት ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ከሚለካው ነገር ጎን ምንጊዜም ምስክር ያቆማል።

አንዱን መስመር ብቻ መለካትም አይበቃም፤ ፈቀቅ ማለቱ ከሌላው ውዥንብር አይለይም። ኮምፒዩተሩ በሺዎች የሚቆጠሩትን የኮከቡን ጥቁር መስመሮች ቦታ የያዘ ንድፍ እንደ ወንፊት ያንሸራትትባቸውና ሁሉንም ወደ አንድ መልስ ያመጣቸዋል። በዚህ መንገድ ልኬቱ እስከ 13 ሜትር በሴኮንድ ጠራ። ሚሼል ማዮርና ዲዲዬ ኬሎ ግኝቱን ጥቅምት 6 ቀን 1995 እ.ኤ.አ. ፍሎረንስ ላይ አበሠሩ፤ በ2019 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተጋሩ።

በዚያው በ2019 ኢትዮጵያ በዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ጥሪ መሠረት ኤችዲ 16175 የተባለችውን ኮከብ ቡና፣ ፕላኔቷን አቦል ብላ ሰይማለች። አቦል ከኮከቧ ራቅ ብላ በሞላላ መንገድ ትዞራለች፤ አንድ ዙር ወደ ሦስት ዓመት ይጠጋባታል። እሷም የተገኘችው በዚሁ በመወዛወዝ ልኬት ነው። ከዘጌ የቡና ደን ዳር ሆኖ በኅዳር ምሽት ወደ ሰሜን ምሥራቅ የእጅ መነጽር የሚያነጣጥር ሰው ቡናን ፈልጎ ሊያገኛት ይችላል።

እንጦጦ ላይ መስታወታቸው 1 ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም ዋሸራ በተባለው ቤተ ሙከራው የላይኛውን ከባቢ አየር ያጠናል። እንዲህ ያለ ልኬት ለመጀመር ግን ከዚህም ያነሰ ይበቃል። እዚያው ፔጋሰስ ውስጥ ያለችው ኮከብ ኤችዲ 209458 በ3.5 ቀን የሚዞራት ግዙፍ ፕላኔት አላት፤ በፊቷ ሲያልፍ ብርሃኗ ከመቶ ሁለት እጅ ባልሞላ መጠን ይቀንሳል። በ1999 እ.ኤ.አ. ዴቪድ ሻርቦኖና ባልደረቦቹ ይህን የለኩት የአፉ ስፋት 10 ሳንቲ ሜትር በሆነ ቴሌስኮፕ ነው። የሚያልፍበት ሰዓት አስቀድሞ ተሰልቶ ይታወቃል፤ ማለፉም 3 ሰዓት ያህል ይወስዳል።

የባሕር ዳር የፊዚክስ መምህራን፣ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ሰማዩ ሲጠራ ተማሪዎቻችሁን ይዛችሁ ውጡና ለኩት። ከጎኗ ያለች፣ ብርሃኗ የማይለዋወጥ ሌላ ኮከብም ለምስክርነት አብራችሁ ለኩ።