ብቸኛው መንገደኛና የባሕር ዳር ከተሞች

ጋዜጠኛው ቴድ ሳይመን በ1973 እ.ኤ.አ. ከለንደን ተነሥቶ ብቻውን በትሪዮምፍ ሞተር ብስክሌት ዓለምን ዞረ፤ «የጁፒተር ጉዞዎች» የተባለው መጽሐፉም በ1979 ታተመ። ከቱኒዚያ በሊቢያ አድርጎ እስከ ግብፅ ስላለው ጠረፍ የሚተርከው ክፍል ለባሕል ተመራማሪ ይጠቅማል። ብቸኛ መንገደኛ ሲመሽበት ወይም መኪናው ሲበላሽበት ተስፋው አገሬው ብቻ ስለሆነ፣ የእንግዳ አቀባበልን ሥርዓት በራሱ ላይ ሲፈጸም ያያል። ይህ ሊመሰገን ይገባዋል።

ይሁን እንጂ የሊቢያን የጠረፍ ጎዳና በ1937 የፈጸመው የኢጣልያ ቅኝ አገዛዝ ነው። በዚያ የሚያልፍ ሰው ከተሞቹን የሚያያቸው መንገዱ ባሰለፋቸው ተራ ነው፤ ዓሣ አጥማጁ ግን ከባሕሩ በኩል ያውቃቸዋል። አንድ ሌሊት ያደረ እንግዳ የባለቤቱን ቸርነት እንጂ ጓዳውን አያውቅም። ስለዚህ መጽሐፉን ስለ መንገደኛው እንመነው፤ ስለ ከተሞቹ ግን ነዋሪዎቹን እንጠይቅ።