መልሱን ወደ ፈንክሽን ስለ መለወጥ፤ በሁለት የሒሳብ ፕሮግራሞች ላይ የቀረበ ሂስ

ዲፈረንሺያል እኩልታን በፊደል የሚፈቱ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች የሚመሰገኑት ቀመሩን ፈጥነው በማስገኘታቸው ነው። ይሁን እንጂ ለሰልጣኝ መምህር የሚበጀው ቀመሩ በስክሪን ላይ መታየቱ ሳይሆን፣ ጊዜን ሲሰጡት ዋጋ የሚመልስ ፈንክሽን ሆኖ በእጁ መግባቱ ነው።

በቴፒና በሚዛን ተፈሪ ታጥቦ በአልጋ ላይ የሚሰጣውን ቡና እንውሰድ። እርጥበቱ የሚቀንስበት ፍጥነት፣ ባለው እርጥበትና ከአየሩ ጋር በሚመጣጠንበት እርጥበት መካከል ካለው ልዩነት ጋር ተመጣጣኝ ነው ብለን ብንነሣ፣ መልሱ ከታወቀው የማቀዝቀዝ ሕግ ጋር አንድ ዓይነት ይሆናል። ሰልጣኙ በ3ኛውም በ8ኛውም ቀን ያለውን እርጥበት፣ ከመቶ 12 የሚደርስበትንም ቀን ለማወቅ ቀመሩን በየጊዜው መገልበጥ አይገባውም።

በ1980 ዓ.ም. የወጣው ማቴማቲካ በዲሶልቭ ትእዛዝ የሚመልሰው ፈንክሽን ሳይሆን የመተኪያ ደንብ ነው። የፈንክሽኑን ስም ብቻ ከጠየቁት ደንቡ ለማንኛውም ቁጥር፣ ለዴሪቫቲቩም ጭምር ይሠራል፤ ስሙን ከነተለዋዋጩ ከጠየቁት ግን ያንኑ የተጻፈውን ቅርጽ ብቻ ይተካል፣ ዴሪቫቲቩ ሳይነካ ይቀራል። በአንድ ፊደል የሚለያዩ ሁለት ጥያቄዎች ይህን ያህል መራራቃቸው ለጀማሪ የተዘረጋ ወጥመድ ነው። ከዚህም የሚብሰው፣ ትእዛዙን ከነመፍቻው በዘገየ የእኩል ምልክት ፈንክሽን አድርጎ መጻፍ ነው። እኩልታው በየጥሪው እንደ አዲስ ይፈታል፤ 3 ሲሰጠውም ቁጥሩ በጊዜው ፊደል ቦታ ስለሚገባ ፕሮግራሙ «3 ተለዋዋጭ ሊሆን አይችልም» የሚል ትርጉም ያለው ስህተት ያሳያል።

ያለ ዋጋ የሚገኘው ሲምፓይ በዚህ ረገድ ይሻላል። መልሱን እንደ እኩልታ ይሰጣል፤ ተማሪው ቀኝ ጎኑን ይወስድና በላምዲፋይ ወደ ፓይተን ፈንክሽን ይለውጠዋል። ደረጃዎቹ ለየብቻ ስለሚታዩ ለማስተማር ይመቻሉ። ነገር ግን መነሻው እርጥበት አስቀድሞ ካልተሰጠ ያልተወሰነው ቋሚ በመልሱ ውስጥ ይቀራል፤ ከግቤቶቹም ጋር ካልተዘረዘረ፣ ፈንክሽኑ በተሠራበት ሰዓት ዝም ብሎ በተጠራበት ሰዓት ይወድቃል። መመሪያ ጸሐፊዎች ይህን በአንድ መስመር ማለፋቸው አያስመሰግናቸውም። ላምዲፋይ በጽሑፍ ያዘጋጀውን ኮድ የሚያስፈጽም በመሆኑም ከማይታወቅ እጅ የመጣን ቀመር ሊሰጡት አይገባም።

የተለወጠው ፈንክሽን ቁጥር እንጂ ፊደል አያውቅም፤ ዴሪቫቲቩን በፊደል ልናገኝበት አንችልም። ስለሆነም በመልመጃው ቀመሩና ፈንክሽኑ በሁለት ስም እንዲቀመጡ፣ ቀመሩም ከመለወጡ በፊት በእኩልታው ውስጥ ተመልሶ ገብቶ ትክክለኛነቱ እንዲረጋገጥ ሊታዘዝ ይገባል።